የሦስት ሰዓት ቀጠሮ፦ በአራት ኪሎ በአንድ የውጭ አገር መምህርና በአንድ የላዳ አሽከርካሪ መካከል የተነሳ የሒሳብ ክርክር

ይህ ጽሑፍ በኅዳር 2017 ዓ.ም. አራት ኪሎ በሚገኘው የምሠራበት የትምህርት ተቋም በር ላይ፣ በአንድ ሕንዳዊ መምህርና በአንድ የላዳ ታክሲ አሽከርካሪ መካከል የተነሳውን የ800 ብር ክርክር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ይመረምራል። ጉዳዩን በቅርብ የማውቀው ከውጭ አገር የሚመጡ መምህራንን የመኖሪያ ፈቃድና የቤት ኪራይ ጉዳይ የምከታተል ሠራተኛ በመሆኔ፣ በዕለቱም በሽምግልናው መካከል አስተርጓሚ ሆኜ በመገኘቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ለየብቻ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀው ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ስለ ታክሲ የሚቀርቡልኝ አቤቱታዎች አብዛኞቹ «አታለለኝ» በሚለው ቃል የሚጀምሩ መሆናቸው ነው። ይህም በዚያው ቃል ጀምሮ ሳለ፣ ሲመረመር ግን አታላይ የሌለበት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

መምህሩ የሙምባይ ሰው ናቸው። በሙምባይ የባለሦስት እግሩም ሆነ የመደበኛው ታክሲ ክፍያ በሜትር ይቆጠራል፤ ታሪፉን የሚወስነው የመንግሥት አካል ሲሆን፣ መኪናው ተሳፋሪ እየጠበቀ የሚቆምበትን ጊዜም ያው ሜትር ይመዘግበዋል፤ የሌሊት ጭማሪውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው የታክሲ ዋጋ ማለት ከተሳፋሪውም ከአሽከርካሪውም ፈቃድ ውጭ የሆነ፣ በመስታወቱ ላይ የሚነበብ ቁጥር ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት የተስማሙት በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን እስከ ኅዳር ድረስ ከ120 ብር በላይ ደርሷል። ከመምጣታቸው በፊት ቀደም ሲል እዚህ የኖሩ የአገራቸውን ሰዎች እየጠየቁ የእንቁላሉንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ የታክሲውንም ዋጋ በደብተር ጽፈው ነበር፤ መስከረም ላይ ሲገቡ ግን ከጻፉት ዋጋ አንዱም አልሠራም። ይህ ደብተር በኋላ ለጥርጣሬያቸው አንድ ምክንያት እንደሆነ ነግረውኛል። የሚጠራው ዋጋ ሁሉ ከተጻፈው ሲበልጥ ባዩ ቁጥር ምክንያቱ የገበያው ለውጥ ሳይሆን የራሳቸው መልክ መስሏቸው ኖሯል።

አሽከርካሪው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ሲሆን በላዳ ሥራ 30 ዓመት አሳልፈዋል፤ መኪናዋም የራሳቸው ናት። ላዳ በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት እየመጣ፣ ቀደም ሲል ከተማውን የሞላውን ሰይቼንቶ የተባለ ትንሽ የፊያት መኪና ተክቶ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የሠራ ታክሲ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ላዳ ሜትር የለውም፤ ያለው ኮንትራት ነው። ደንበኛው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ መድረሻውን ይናገራል፣ አሽከርካሪው ይጠራል፣ ደንበኛው ይቀንሳል፣ «እሺ፣ ይግቡ» ሲባል ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው። ለእኚህ አሽከርካሪ እንግዲህ የታክሲ ዋጋ በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጠርና ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ሊነሳ የሚችል ስምምነት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ለጉዳዩ ቁልፍ ነውና። አሽከርካሪው በንጉሡ ዘመን እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል፤ በዚያን ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሕንዳውያን መምህራን ስለነበሩ እሳቸውንም ሒሳብ ያስተማሯቸው ሕንዳዊ ነበሩ። እንግሊዝኛም ይሞክራሉ፤ በዚያ ሰፈር የውጭ አገር ሰዎች የሚፈልጓቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውሉ የተደረገው ረቡዕ ወደ ማታ ነበር። መምህሩ በቸርችል ጎዳና ላይ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ባለቤታቸው የላኩላቸውን ካርቶን ለማውጣት ፈልገው አሽከርካሪውን በሩ ላይ አነጋገሯቸው። ሄዶ መመለሱ 400 ብር እንዲሆን ተስማሙ። ሰዓቱን መምህሩ «ስሪ ኦክሎክ» አሉ፤ አሽከርካሪውም «ስሪ ኦክሎክ» ብለው ደገሙት። መምህሩ ከመለያየታቸው በፊት በመሥሪያ ቤቱ ወረፋ ሊኖር እንደሚችል አስበው፣ መጠበቅ ይኖርብዎ ይሆናል ለማለት በእጃቸውም በቃላቸውም ገለጹ፤ አሽከርካሪው «ኖ ፕሮብሌም» ብለው መለሱ። በሁለቱ መካከል የተነገረው ይህ ብቻ ነው። በማግስቱ የሆነው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት አባባሎች የወጣ ስለሆነ ቃላቱን እንዳሉ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው አሽከርካሪው በሩ ላይ ቆሙ። መምህሩ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ስልካቸውም ድምፁ ጠፍቷል። አሽከርካሪው የራሳቸው ስልክ ሒሳብ ስላልነበረው ከጠዋቱ የጥበቃ ሠራተኛ ስልክ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ መልስ አላገኙም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሻንጣ የያዙ ባልና ሚስት ቦሌ አየር ማረፊያ እንዲያደርሷቸው ጠየቋቸው፤ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ብለው አሳለፏቸው። አራት ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ መምህሩ ከበሩ ወጥተው መኪናዋን ሲያጧት በወረቀት ወደ ያዙት ቁጥር ደወሉ፤ ቃላቸውን ያልጠበቁት አሽከርካሪው እንደሆኑ እርግጠኛ ሆነው በቁጣ ነበር የደወሉት። አሽከርካሪውም ፒያሳ አካባቢ ስለነበሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ።

መኪናዋ ውስጥ ሁለቱም ስለ ጠዋቱ ምንም አልተነጋገሩም። ይህ ዝምታ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነበሩት። መምህሩ ሰውየው በመዘግየታቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ ብለው ጠብቀው፣ ሳይጠይቁ ሲቀሩ ነገሩን ለማለፍ ወሰኑ። አሽከርካሪው ግን በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እንግዳ ሰው ናቸው፣ ደግሞም መምህር። ረስተው ነው ብዬ እንዳላሳፍራቸው ዝም አልኩ። ሒሳቡ ላይ ራሳቸው አስበው ይጨምራሉ ብዬ ነበር።» ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚህ ላይ የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ያስቀየመንን ሰው ፊት ለፊት ከመናገር ተቆጥበን፣ እሱ ግን ያልተናገርነውን እንዲያውቅልን እንጠብቃለን፤ ሁላችንም እዚህ ባደግን መካከል ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ግን አልሠራም።

ጉዞው ራሱ አጭር ነው። ከአራት ኪሎ በፒያሳ፣ በአድዋ መታሰቢያው አጠገብ አልፎ በቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችልን መውረድ ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጊዜ የወሰደው ወረፋው ነበር፤ መምህሩ ወጥተው የተመለሱት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አሽከርካሪውም በመኪናቸው ውስጥ ብቻ ተቀምጠው አልቆዩም፤ ሁለት ጊዜ ገብተው ቅጽ አስሞልተዋል፣ መስኮቱንም አሳይተዋል። ሲመለሱ የሥራ መውጫ ሰዓት ስለደረሰ ፒያሳ ላይ ቆመው ቆይተው አራት ኪሎ የደረሱት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። መምህሩ 400 ብር ሲዘረጉ አሽከርካሪው 1,200 ብር አሉ።

እኔ ከቢሮ ስወጣ ሰው ተሰብስቦ ደረስኩ። መምህሩ ገንዘቡን በመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀምጠው ፖሊስ እንዲጠራላቸው ይጠይቃሉ፤ አሽከርካሪው ገንዘቡን ሳይነኩ ካርቶኑ ባለበት በመኪናዋ ኋላ ቆመው «ሒሳቤን ሳላገኝ አልከፍትም» ይላሉ። ከተሰበሰበው መካከል አንዱ «ለእሱ አሥር ዶላር ምን አላት!» ሲል ሌላው ደግሞ «እንግዳ መዝረፍ ነውር ነው» ይላል። ሁለቱም ተናጋሪዎች ነገሩን ሳያውቁ ፈርደው ነበር፤ የመጀመሪያው አነጋገር በተለይ በጣም አሳዝኖኛል፤ ሰው ሊከፍል የሚገባው ባለው ገንዘብ ልክ ነው ከተባለ ዋጋ የሚባል ነገር አይኖርምና።

አሽከርካሪውን «ጋሼ፣ 1,200 ብር እንዴት መጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወዲያው ዘረዘሩት፦ 400 የተስማማንበት፣ 300 አንድ ሰዓት ተኩል የጠበቅሁበት፣ 500 ደግሞ ጠዋት ያሳለፍኩት የቦሌ ሥራ። ሦስተኛውን ስተረጉም መምህሩ ምን ጠዋት እንደሆነ አልገባቸውም። ስልካቸውን ከፍተው ሲያዩ ከማያውቁት ቁጥር ሦስት ሰዓት ከአምስትና ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የተደወሉ ሁለት ጥሪዎች አሉ። በቁጥሩ ላይ ስደውል ያነሳው የጠዋቱ ጥበቃ ነበር፤ ተረኛነቱን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል። «አዎ፣ ላዳው አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ቆመው ነበር፤ ስልኬንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለ። በድምፅ ማጉያ ያደረግሁትን ይህን መልስ ስተረጉም መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም አሽከርካሪውን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁ፤ ይህኛው ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ስህተቱ እንግዲህ ይህ ነበር። መምህሩ «ስሪ ኦክሎክ» ሲሉ ከቀትር በኋላ ያለውን ሦስተኛውን ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ዘጠኝ ሰዓትን ማለታቸው ነው። አሽከርካሪው ደግሞ «ስሪ» ሦስት፣ «ኦክሎክ» ሰዓት መሆኑን በሚገባ ስለሚያውቁ ሦስት ሰዓት ብለው ተረዱ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለችና፣ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለእኛ የተፈጥሮ ያህል ሆኗል፤ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ቆጠራ እንዳለ እያወቅን እንኳ በንግግር መካከል አናስበውም። አሽከርካሪው እንግሊዝኛ ጨርሶ ባይችሉ ኖሮ ሰዓቱን በሌላ ሰው ያስጠይቁ ስለነበር ስህተቱ አይፈጠርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ቃሉን ማወቃቸው ነው ያሳሳታቸው።

ሁለተኛው አባባል የበለጠ ያስቆመኛል። አሽከርካሪውን ስለ መጠበቁ ሲጠየቁ «ኖ ፕሮብሌም» ያሉት ምን ማለታቸው እንደነበር ጠየቅኋቸው። «አንጣላም ማለቴ ነው» አሉ። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ «አንጣላም» የሚለው ቃል በገበያ ውስጥ ምን እንደሚል ያውቃል፤ ዋጋው አሁን ባይቆረጥም ክፍያ አለው፣ ሲያልቅ ተነጋግረን እንስማማለን ማለት ነው። መምህሩ የሰሙት ግን መጠበቁ ተጨማሪ ክፍያ እንደሌለው የሚያረጋግጥ ቃል ነበር። እውነት ለመናገር፣ በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ሰው ሌላ ትርጉም ሊሰጥ የሚችል አይመስለኝም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቋንቋ ቢነጋገሩም፣ አንደኛው በዚያ ቋንቋ ቃላት አማርኛ ይናገሩ ነበር።

ሽምግልናውን የያዙት በአጠገቡ ተራ የሚጠብቁ ሌላ አዛውንት የላዳ አሽከርካሪ ናቸው፤ ለባልደረባቸው ያደላሉ ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አላደሉም። በመጀመሪያ የካርቶኑን መያዝ ነቀፉ፦ «የሰው ዕቃ መያዣ አይደለም፤ ክፈትና ስጥ፤ ከዚያ ትጠይቃለህ።» ካርቶኑ ወጣ። ከዚያ ስለ መጠበቁ 300 ብር ተገቢ ነው አሉ። ስለ ጠዋቱ ደግሞ «ስህተቱ የሁለታችሁ ነው፤ ተካፈሉት» ብለው 500 ብሩን ለሁለት ከፈሉት። ድምሩ 950 ብር ሆነ። መምህሩ አምስት የ200 ብር ኖቶች ሰጡ፤ አሽከርካሪው ዝርዝር ስላልነበራቸው ወደ ሱቅ ተሻግረው 50 ብሩን ይዘው ተመለሱ።

ጉዳዩ በፍርድ ቤት ቢታይ ኖሮ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቤበታለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1678 ለውል መኖር ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የተዋዋዮቹ ፈቃድ ሲሆን፣ በቁጥር 1682 ደግሞ ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይናገራል። በዚህ ሚዛን ሲታይ አሽከርካሪው የጠዋቱን ኪሳራ ማስከፈል የሚከብዳቸው ይመስለኛል፤ በሰዓቱ ላይ የሁለቱ ፈቃድ አልተገናኘም፤ መኪና ውስጥ የነበረው ዝምታም ለማንኛቸውም መብት አይሰጥም። የአዛውንቱ ፍርድ የተሻለ የመሰለኝ ጉዳቱን ጥፋት ፍለጋ ሳይሄዱ ስላካፈሉት ነው። አሽከርካሪው በእርግጥ ሥራ አጥተዋል፤ መምህሩም በእርግጥ አላወቁም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ «ለመሆኑ 400 ብሩስ ትክክል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት በስልኬ የታክሲ መተግበሪያ ላይ ሳየው ለአንድ መሄጃ ብቻ የሚጠየቀው ግምት ከ200 ብር በላይ ስለነበር፣ የደርሶ መልሱ ዋጋ ከመጠን ያለፈ አልነበረም። ቤንዚን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረ ሲሆን በዚያ ኅዳር ከ90 ብር በላይ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ለዚህ አጭር መንገድ ዋናው ወጪ ነዳጁ አይደለም። ላዳ በቀን የሚያገኘው ሥራ ጥቂት ነው፤ ማደያ ላይ የሚሰለፍበት ሰዓትም ከዚያው ቀን ላይ ይቀነሳል። ለዚህ ነው የጠፋ ጠዋት ከራሱ ከጉዞው በላይ የተተመነው።

መተግበሪያውን ለምን አይጠቀሙም የሚል አንባቢ ይኖራል። መምህሩ በመጀመሪያው ወር ሞክረውት ነበር። በእኛ ከተማ ግን በካርታ ላይ የተመለከተ ቦታ በቂ ሆኖ አይገኝም፤ አሽከርካሪው ይደውልና «የቱ ጋ ነዎት? ምን አጠገብ?» ይላል። መምህሩ መመለስ ስለማይችሉ ጥሪው ይሰረዛል፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከተሰረዘባቸው በኋላ ተዉት። መተግበሪያዎቹ የመጡትም ለውጭ ሰው ተብለው አይደለም፤ ራይድን የመሠረቱት ሳምራዊት ፍቅሩ ለሥራቸው መነሻ አድርገው ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ በምሽት ታክሲ ሲይዙ የሚጠየቁት ከመጠን ያለፈ ዋጋ ነበር። የዋጋው ቅሬታ የከተማዋ ሰው ሁሉ ቅሬታ ነው።

የቀረው የ«ፈረንጅ ዋጋ» ጉዳይ ነው። በጥር ወር እኔ ራሴ እነዚያኑ አሽከርካሪ ለዚያው መንገድ ደርሶ መልስ ስጠይቃቸው 300 ብር አሉኝ። ስለ ልዩነቱ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ገብተሽ ጉዳይሽን ጨርሰሽ ትወጫለሽ። እሳቸውን ግን ይዤ እገባለሁ፣ መስኮት አሳያለሁ፣ አፍ እሆናቸዋለሁ። ይህ ሥራ አይደለም ወይ?» አሉ። ሥራ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የውጭ ዜጋ ከእኛ የተለየ ዋጋ በግልጽ በተጻፈ ታሪፍ ይከፍላል፤ በሩ ላይ ስለሚያነበው ተታለልኩ አይልም። በላዳው ዋጋ ላይ የማልቀበለው ልዩነቱን ሳይሆን ሳይነገር መደመሩን ነው፤ ይህንንም ለአሽከርካሪው በአክብሮት ነገርኳቸው። ተቆጥተው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው ወደ መምህሩ ሄደው ዋጋውን ለሁለት ከፍለው ነገሯቸው፦ 300 ብር ለመንገዱ፣ 100 ብር አብሮ ለመግባት። መጠበቅ ካለ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ 100 ብር።

አሁን ቀጠሮ የሚይዙት በጽሑፍ መልእክት ነው። መምህሩ በአማርኛ ፊደል «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ብለው ይልካሉ፤ አሽከርካሪው በቁጥሩ ላይ ስድስት ቀንሰው ወይም ጨምረው በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ይመልሱላቸዋል፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ይደዋወላሉ። መምህሩ በሚያዝያ ወር ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሲሄዱ «ዛሬ ብቻዬን እገባለሁ» ብለው በአማርኛ እንደተናገሩ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጉዳያቸውን ጨርሰው እንደወጡና ለመንገዱ 300፣ ለመጠበቁ 100 ብር ከፍለው እንደተመለሱ ነግረውኛል።